ቁጥር አምኖ መዝገብ የሚሰጥ መዝገብ ቤት፤ ቨርቹዋል አፕላያንስን ከሩቅ ፋይሎች ጋር ስለማገናኘት

የይግባኝ ማቅረቢያው 60 ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀረው የደንበኛችን ዋና ማስረጃ ከቢሯችን ኮምፒዩተር ውስጥ ጠፋ። ማስረጃው የቤት ሽያጭ ውል ነው። ባለጉዳይዋ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ፣ ዋናውን ወረቀት አምጥተው ስካን ካስደረጉ በኋላ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት ወደ ገጠር ተመልሰዋል። ስልካቸው አይሠራም። ጸሐፊያችን «በገዛ እጄ ነው ስካን ያደረግኩት፣ ሰኞ ዕለት፤ እርስዎም አይተውታል ጋሼ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ አይቼዋለሁ። በስክሪኑ ላይ ግን ያ ውል ብቻ ሳይሆን ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ያስገባናቸው ሰነዶች በሙሉ የሉም። ከዚያ በፊት የነበረው አለ፣ ከዚያ በኋላ የገባውም አለ። አምስት ቀን ከመሀል ተቆርጦ ወጥቷል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ዓምድ ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ ሲያወራ የኖረ ነው። ጸሐፊውም ሕግ ተምሮ ሃምሳዎቹን የተሻገረ ሰው እንጂ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ቆርጬ ተነሳሁና ከአይቲ ልጃችን ጋር ብዙ ማታ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለው አሠራር ለጠበቃ ቢሮ ብቻ ሳይሆን ለክሊኒኩም፣ ለሒሳብ አዋቂውም፣ ለአማካሪ መሐንዲሱም የሚመች ስለሆነ የተረዳሁትን ለማጣቀሻ እንዲሆን እዚህ አስቀምጣለሁ። የጠፋው ውል የት እንደተገኘ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ታሽጎ የሚመጣ ኮምፒዩተር

ለመሆኑ ቨርቹዋል አፕላያንስ ምንድን ነው? አፕላያንስ የሚለውን ቃል ፈረንጆቹ ለፍሪጅ፣ ለምድጃ፣ ለልብስ ማጠቢያ ይጠቀሙበታል። ሶኬት ላይ ሰክተው የሚያሠሩት፣ ውስጡን ፈትተው የማያዩት ዕቃ ማለት ነው። ቨርቹዋል አፕላያንስም እንደዚያው ሲሆን፣ ልዩነቱ ዕቃው ራሱ ፋይል መሆኑ ነው። አንድ ባለሙያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ዳታቤዙን፣ የድረ ገጽ ሰርቨሩንና የሚፈለገውን ፕሮግራም በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጭኖና አስተካክሎ፣ ኮምፒዩተሩን በሙሉ እንደ አንድ ፋይል አሽጎ ያቀርብልዎታል። እርስዎ በራስዎ ማሽን ላይ በቨርቹዋልቦክስ፣ በቪኤምዌር ወይም በሌላ መሰል ፕሮግራም ያስገቡታል፣ ያስነሱታል፣ አለቀ።

ጥቅሉ በአብዛኛው ኦቪኤ በሚባል መልክ ይመጣል። ሲፈታ ውስጡ የማሽኑን አቅም የሚዘረዝር የጽሑፍ ፋይልና የዲስኩ ግልባጭ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ተርንኪ ሊኑክስ የተባለው ፕሮጀክት፣ ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ የተመሠረቱ እንዲህ ያሉ ዝግጁ ጥቅሎችን በነፃ በማቅረብ ይታወቃል።

እኛ ልደታ አካባቢ ከሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር የምንጋራት አነስተኛ የሕግ ቢሮ አለችን። ስካን የተደረገ መዝገብ የሚያደራጅና የሚፈልግ አንድ አፕላያንስ አስገባን። ይዞት የመጣው ዲስክ 20 ጊጋባይት ነበር፤ የእኛ መዝገብ ደግሞ ከ400 ጊጋባይት በላይ ነው። ስለዚህ ሰነዶቹ የሚቀመጡት ጥግ ላይ ባለው፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በያዘው የፋይል ሰርቨር ውስጥ ሲሆን፣ አፕላያንሱ በኔትወርክ በኩል ይደርስባቸዋል።

የቦታ ጥበት ባይኖርም እንኳ መለያየቱ ይመከራል። አፕላያንስ አርጅቶ በአዲስ የሚተካ ዕቃ ነው። ሰነዱ ውስጡ ከሆነ ዕቃውን ለመጣል ሰነዱን ማውጣት ሊኖርብዎ ነው። ውጭ ከሆነ ግን አሮጌውን ጥሎ አዲሱን በቦታው ማስነሳት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። ቨርቹዋልቦክስ የማሽኑን የትናንት መልክ ቀርጾ ያስቀምጥና ሲፈለግ ወደዚያ ይመልሰዋል፤ የሚመለሰው ግን አፕላያንሱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ፋይሎች ዛሬ ላይ እንዳሉ ይቀራሉ። የፋይሎቹን ዝርዝር የያዘው ዳታቤዝ ትናንት ላይ፣ ፋይሎቹ ዛሬ ላይ ሆነው ይተዛዘባሉ።

የ1984ቱ መንገድ

የሁለቱ ማገናኛ ኤንኤፍኤስ ይባላል፣ የኔትወርክ የፋይል ሥርዓት ለማለት ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ሠርቶ በኋላ ደንቡን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ1995 ታተመ። አራተኛው በ2000 ወጥቶ በ2003 ተሻሻለ፤ 4.2 የተባለው ደግሞ በ2016 ተከተለ። በነገራችን ላይ የቨርቹዋልቦክስን ሠሪ ድርጅት በ2008 የገዛው ይኸው ሰን ነበር፣ ሰንን ደግሞ ኦራክል በ2010 ጠቀለለው። ሳጥኑም መንገዱም የአንድ ባለቤት ሆነው ነበር ማለት ነው።

አሠራሩን የገባኝ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አድርጌ ሳስበው ነው። ሰርቨሩ «ይህንን ፎልደር ከዚህ አድራሻ ለሚመጣ እሰጣለሁ» ብሎ ያስታውቃል፤ ይህ ኤክስፖርት ይባላል። አፕላያንሱ ደግሞ የራሱ የሆነ አንድ ባዶ ፎልደር መርጦ የሰርቨሩን ፎልደር እዚያ ላይ ይገጥመዋል፤ ይህ ማውንት ይባላል። ከዚያ በኋላ በአፕላያንሱ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች ፋይሉ ከጎናቸው ይሁን ከሌላ ክፍል ይምጣ አያውቁም። ፋይል በተጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ እንደ መዝገብ ቁጥር ያለ መለያ ይሰጣል፣ አፕላያንሱም ከዚያ ወዲያ በዚያ ቁጥር ይጠይቃል። ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ ከተሰረዘ በኋላ በድሮው ቁጥር ቢጠየቅ «ቁጥሩ አርጅቷል» የሚል ስህተት ይመለሳል። የተዘጋን መዝገብ በድሮው ቁጥር ሲጠይቁ መስኮቱ ላይ እንደሚገጥመው ማለት ነው።

አነስተኛ ቢሮ አራተኛውን እትም ቢመርጥ ይሻላል። ሦስተኛው እትም 111 ቁጥር ፖርትን ጨምሮ ብዙ በሮች ይፈልጋል፤ አራተኛው በ2049 ብቻ ይሄዳል። ፋየርዎል ላይ አንድ በር መክፈትና አምስት በር መክፈት ምን ያህል እንደሚለያይ ለማስረዳት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሰርቨሩ ሊኑክስ ከሆነ ኤክስፖርቱ የሚጻፈው ኢቲሲ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ባለው ኤክስፖርትስ የተባለ ፋይል ነው። አንድ መስመር ይበቃል፦ የፎልደሩ መንገድ፣ የተፈቀደለት አይፒ አድራሻ፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የፈቃዱ ዓይነት። እዚህ ላይ የሕግ ሰው ሆኖ የማይደነግጥ የለም። አድራሻውና ቅንፉ ተጣብቀው ካልተጻፉ፣ ማለትም በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ ካለ፣ ትርጉሙ ይገለበጣል። ተጣብቀው ሲጻፉ «ለዚህ አድራሻ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ» ማለት ነው። ተለያይተው ሲጻፉ «ለዚህ አድራሻ መደበኛው ፈቃድ፣ ለቀረው ዓለም በሙሉ ደግሞ የማንበብና የመጻፍ ፈቃድ» ይሆናል። በውል ላይ በነጠላ ሰረዝ የተነሳ ሲከራከሩ የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ። በባዶ ቦታ የተነሳ ቤቱን ለመንገደኛ ሁሉ የከፈተ ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ማውንቱ ከመሞከሩ በፊት አፕላያንሱ ኔትወርኩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ማየት ያስፈልጋል። ቨርቹዋልቦክስ ካልተነገረው በቀር አዲስ ማሽንን ናት ከሚባል ከለላ ጀርባ ያስቀምጠዋል። አፕላያንሱ 10.0.2.15 የሚል አድራሻ ይይዛል፤ ሰርቨሩ ግን ይህንን አድራሻ አያየውም፣ የሚያየው አፕላያንሱን የተሸከመውን ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ላይ የሊኑክስ ሰርቨር ጥያቄው ከ1024 በታች ከሆነ ፖርት ካልመጣ አይቀበልም፤ ናት ደግሞ ፖርቱን ወደ ላይኛው ቁጥር ይለውጠዋል። ውጤቱ «ተከልክሏል» የሚል ደረቅ መልስ ነው። ብዙዎች የሚያደርጉት ኤክስፖርቱ ላይ ኢንሴኪዩር የሚለውን ቃል መጨመር ነው። ቃሉ ራሱ «ያልተጠበቀ» ማለት ሲሆን፣ ከፍ ያለውንም ፖርት ተቀበል የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ይሻላል የምለው የኔትወርኩን ዓይነት ብሪጅድ ወደሚባለው ቀይሮ ለአፕላያንሱ የራሱን ቋሚ አይፒ አድራሻ መስጠት ነው። ያኔ ሰርቨሩ ማንን እንደሚያስገባ በስም ያውቃል።

በስም አልኩ እንጂ፣ ስምን በተመለከተ ዋናው ጣጣ ገና መምጣቱ ነው።

ቁጥር 33 ማነው?

ማውንቱ ሠራ፣ ፎልደሩ ታየ፣ አንድ ሰነድ ለማስገባት ሲሞከር ግን «ፈቃድ የለም» አለ። ኤንኤፍኤስን የጀመረ ሰው ሁሉ እዚህ በር ላይ ይቆማል፤ ብዙዎችም የሚሳሳቱት እዚሁ ነው።

ሊኑክስ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። የበላይ አስተዳዳሪው ሩት ይባላል፣ ቁጥሩ 0 ነው። በዴቢያን ላይ የድረ ገጽ ሰርቨሩ የሚሠራበት ተጠቃሚ ቁጥሩ 33 ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚመዘገበው ሰው 1000 ይሆናል። በተለመደው የኤንኤፍኤስ አሠራር አፕላያንሱ «ቁጥር 33 ነኝ፣ ይህንን ፋይል ስጠኝ» ሲል ሰርቨሩ ያምነዋል። መታወቂያ አሳየኝ፣ ፓስዎርድ አምጣ አይልም። ሰርቨሩ ላይ 1000 ቁጥር የእኔ ከሆነና አፕላያንሱ ውስጥ 1000 ቁጥር ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ለሰርቨሩ እኔን ነው። አራተኛው እትም በቁጥር ፈንታ ስም ማሳየት ይችላል። ነገር ግን የኬርቤሮስ ማረጋገጫ እስካልታከለበት ድረስ ፈቃዱ የሚመረመረው አሁንም በቁጥሩ ነው።

መዝገብ ቤት መስኮት ላይ አንድ ሰው ቀርቦ «ጠበቃ እገሌ ነኝ» ሲል ውክልናው ሳይታይ መዝገቡ እንደሚሰጠው ያስቡት። እ.ኤ.አ. በ1984 ይህ ሞኝነት አልነበረም። ኮምፒዩተሮቹ ጥቂትና ውድ ነበሩ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የሩት ሥልጣን የነበረው የሚታወቅ የተቋሙ ሠራተኛ ነው። ዛሬ ላፕቶፕ የያዘ ሁሉ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሩት ነው፣ የፈለገውንም ቁጥር መውሰድ ይችላል። አፕላያንስ ደግሞ ከዚህም ይለያል፤ በውስጡ ያሉትን ተጠቃሚዎች የመዘገበው፣ ቁጥራቸውን የሰጠው እርስዎ የማያውቁት ባለሙያ ነው።

ይህንን በወሬ አልተቀበልኩትም። የአይቲ ልጃችን የራሱን ላፕቶፕ አውጥቶ ከቢሯችን ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። ኔትወርኩን ከፎቁ ሌሎች ተከራዮች ጋር እንጋራለን። ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ 33 የሆነ ተጠቃሚ ከፈተ፣ የሰርቨራችንን ፎልደር ማውንት አደረገ፣ ከዚያ የአንድ ደንበኛችንን የፍቺ መዝገብ ከፍቶ ገጽ በገጽ አሳየኝ። ሁለት ደቂቃም አልፈጀበት። አንድም ፓስዎርድ አልተጠየቀም። «ጋሼ፣ ይኸው ነው» አለኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተከፍቶ እንደቆየ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፤ አፕላያንሱ ከገባ ጀምሮ ነበር። ኤክስፖርቱ የተሰጠው ለአንድ አድራሻ ሳይሆን ለመላው ኔትወርክ ነው። በዚያ ላይ «ፈቃድ የለም» ያለውን ስህተት ለማስወገድ ሲጣደፉ ኖ ሩት ስኳሽ የሚል ቃል ጨምረውበታል፣ ፎልደሩንም ማንም እንዲጽፍበት ከፍተውታል። ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ፤ «ዛሬውኑ ይሥራ» ብዬ።

ስኳሽ ማለት መጨፍለቅ ነው። ሩት ስኳሽ የሚባለው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሳይነገረው የሚሠራ ደንብ ሲሆን፣ ከሩቅ «ሩት ነኝ» ብሎ የሚመጣውን ጨፍልቆ 65534 ወደሚባል ምንም መብት ወደሌለው ቁጥር ይለውጠዋል። ኖ ሩት ስኳሽ ይህንን ጥበቃ ያነሳል። በእኛ ቋንቋ ስናየው ያለገደብ የተሰጠ ውክልና ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በጥቅል ቃል የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚያስችልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይደነግጋል። ኖ ሩት ስኳሽ ከዚያም ያልፋል። ሽያጩንም፣ ማቃጠሉንም ይፈቅዳል።

ሩት ስኳሽን መልሶ ማብራት ግን ብቻውን አያድንም፤ ልጁ ነግሮኝ መጀመሪያ ያልገባኝም ይህ ነበር። አፕላያንሱ ላይ ሩት የሆነ ሰው ሩት ሆኖ ቢከለከል፣ ራሱን ቁጥር 33 አድርጎ ይመለሳል። ቁጥር 1000 ሆኖም ይመለሳል። ሰርቨሩ የሚጨፈልቀው 0ን ብቻ ነው።

እኛ የመረጥነው ኦል ስኳሽ የሚባለውን ነው። ከአፕላያንሱ የሚመጣውን ሁሉ፣ ማንም ነኝ ቢል፣ ወደ አንድ ለዚህ ሥራ ብቻ ወደተከፈተ ተጠቃሚ ይለውጠዋል። ያ ተጠቃሚ በሰርቨሩ ላይ ከመዝገብ ፎልደሩ በቀር ሌላ የሚነካው ነገር የለም። የሒሳብ ፎልደራችን፣ የግል ደብዳቤዎቻችን ለእሱ የተዘጉ ናቸው። ልዩ ውክልና ማለት ይህ ነው፤ ለአንድ ጉዳይ፣ ለአንድ ተወካይ። በተጨማሪም የተዘጉ መዝገቦችን የያዘውን ፎልደር ለብቻው ለማንበብ ብቻ ኤክስፖርት አደረግነው። የተዘጋን መዝገብ ፈልጎ ለማግኘት የመጻፍ ፈቃድ አያስፈልግም። ኤክስፖርቱ ለአፕላያንሱ አድራሻ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፣ ሰርቨሩና አፕላያንሱም ከፎቁ ኔትወርክ ተለይተው በራሳቸው ስዊች ላይ ገቡ።

ይህ መለያየት የግድ የሆነበት ምክንያት አለው። አይፒ አድራሻም ቢሆን አስመስሎ የሚወሰድ ነገር ነው፣ ኤንኤፍኤስም በተለመደው አሠራሩ ሰነዱን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው። መስመሩ ላይ ጆሮ የጣለ ሁሉ ያነበዋል። ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። የቆየው ኬርቤሮስ ሲሆን ሦስት ደረጃ አለው፤ ማንነትን ማረጋገጥ፣ ሰነዱ በመንገድ እንዳልተለወጠ ማረጋገጥ፣ በመጨረሻም መመስጠር። ጠንካራ ነው፣ ሆኖም የራሱን ሰርቨርና የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። አዲሱ ደግሞ ባንኮች ድረ ገጻቸውን በሚጠብቁበት ቲኤልኤስ ኤንኤፍኤስን መሸፈን ሲሆን ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፤ ሁለቱም ወገን አዲስ የሊኑክስ እትም ሊኖራቸው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ሳይኖር ኤንኤፍኤስን በኢንተርኔት ላይ መክፈትን ግን በምንም ምክንያት አልደግፍም። ቅርንጫፍ ቢሮ ካለ መጀመሪያ ቪፒኤን ይዘርጋ።

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወይም ከተፈቀደ በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን ይከለክላል። ያ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው የእኛ ልጅ ባይሆን፣ እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ጠበቃው «ሰርቨሩ ራሱ ለማንም እሰጣለሁ ብሎ አስታውቋል፣ ደንበኛዬ የሰበረው በር የለም» ብሎ ይከራከር ነበር። ክርክሩ የሚያዋጣ አይመስለኝም፤ ያልተቆለፈ ቤት መግባትም ያለ ፈቃድ መግባት ነው። ነገር ግን ዳኛው ወደ እኛ ዞሮ «እናንተስ የደንበኛችሁን ምስጢር እንዴት ነበር የያዛችሁት?» ቢለን የምንመልሰው አልነበረንም። የጠበቃ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የቆየ ነው። በዚያ ላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ተገቢውን ቴክኒካዊና አስተዳደራዊ ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። «የአይቲ ልጁ ነው ያደረገው» የሚለው መልስ አዋጁ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ውሉ የት ተገኘ?

ዓርብ ማታ መብራት ሄደ። ሌሊት ሲመለስ ሁለቱም ማሽኖች በራሳቸው ተነሱ። አፕላያንሱ ቀልጣፋ ነው፣ በአንድ ደቂቃ ተነስቶ የሰርቨሩን ፎልደር ፈለገ። ሰርቨሩ ግን ድንገት በመጥፋቱ ዲስኮቹን እየመረመረ ነበር፣ አልመለሰም። ማውንቱ ከሸፈ። አፕላያንሱ ይህንን ለማንም ሳይናገር ሥራውን ቀጠለ።

ማውንት የሚደረገው ባዶ ፎልደር ላይ ነው ብያለሁ። ማውንቱ ሲከሽፍ ያ ባዶ ፎልደር ራሱ አለ፣ ስሙም ያው ነው፣ የሚገኘውም በአፕላያንሱ ትንሽ ዲስክ ላይ ነው። ለማንም ክፍት ተደርጎ ስለነበር የሚከለክል አልተገኘም። ጸሐፊያችን ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ስካን ያደረገችው ሁሉ እዚያ ገባ። አሮጌ መዝገብ ልትከፍት ስትሞክር አልከፈት ስላላት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለልጁ ደወለች። እሱም በስልክ «አጥፊና አስነሺው» አላት። አጠፋች፣ አስነሳች። በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ዝግጁ ነበር፣ ማውንቱ ሠራ፣ አሮጌው መዝገብ ተመለሰ። ሁላችንም ደስ አለን። የአምስቱ ቀን ሰነዶች ግን ከላያቸው በተገጠመው ፎልደር ተሸፈኑ። አልጠፉም፤ ምንጣፍ እንደተነጠፈባቸው ወረቀቶች ሥር ሆነው ቀሩ።

ልጁ ነገሩ በገባው ጊዜ ማውንቱን አነሳ። ውሉ ከሥሩ ነበር። ይግባኙን በ59ኛው ቀን አስገባን።

እንዲህ ያለውን ለመከላከል የሚደረገው ውድ አይደለም። ማውንቶች በሚዘረዘሩበት ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ላይ ኔትዴቭ የሚል ምርጫ ሲጨመር ሲስተሙ ኔትወርኩ ሳይነሳ ማውንቱን አይሞክርም። ይህ ግን የሰርቨሩን መዘግየት አይፈታም። ስለዚህ አውቶማውንት የሚባለው ተጨመረ፤ ፎልደሩ በተፈለገ ቁጥር እንደገና ይሞክራል። የሰነድ ፕሮግራሙም ማውንቱ ከሌለ ጭራሽ እንዳይነሳ ሲስተምዲ ላይ ታዘዘ። ከሁሉ የወደድኩት ግን ሌላኛውን ነው። ማውንቱ በሌለበት ጊዜ ያ ባዶ ፎልደር ላይ «አይነካም» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ ካለ ሩት እንኳ ሊጽፍበት አይችልም። ሰርቨሩ ሲገጠም ምልክቱ ከሥር ስለሚቀር ሥራ አያደናቅፍም። ማውንቱ ሲከሽፍ ግን ስካነሩ በዝምታ ወደ ተሳሳተ ቦታ ከማስገባት ይልቅ በግልጽ እምቢ ይላል።

ሰርቨሩ በሥራ መሀል ቢጠፋስ? ሁለት ምርጫ አለ። ሃርድ የሚባለው ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ያለማቋረጥ ይጠብቃል፤ ስክሪኑ ይደርቃል፣ ሰው ይበሳጫል፣ ሰነድ ግን አይበላሽም። ሶፍት የሚባለው ጥቂት ሞክሮ ስህተት ይመልሳል፤ ስህተቱን በአግባቡ የማይቀበል ፕሮግራም ከሆነ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊቀር ይችላል። ለሚጻፍበት ፎልደር ሃርድ ይሁን። ለማንበብ ብቻ ለሆነው ሶፍት ቢሆን ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ይቀራሉ። ዳታቤዙ በአፕላያንሱ በራሱ ዲስክ ላይ ይቆይ፣ በኤንኤፍኤስ ላይ አይውጣ፤ በተለይ ኤስኪውላይት የሚጠቀም ከሆነ የፋይል መቆለፊያው በኔትወርክ ላይ ላይታመን ይችላል። የዳታቤዙ ባክአፕ ግን በየሌሊቱ ወደ ሰርቨሩ ቢላክ መልካም ነው። ሌላው፣ «አዲስ ፋይል ሲገባ ወዲያው አነሳዋለሁ» የሚል ፕሮግራም በኤንኤፍኤስ ላይ መደንቆሩ ነው። ስካነሩ በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ ሲያስቀምጥ ሊኑክስ ለአፕላያንሱ አያሳውቀውም። በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ሄዶ እንዲፈትሽ ማዘዝ ነው። አዲስ ፋይል አፕላያንሱ ላይ ለመታየት እስከ አንድ ደቂቃ ቢዘገይም አይደንግጡ፤ የፎልደሩን መረጃ ለጥቂት ጊዜ በማስታወሻው ስለሚይዝ ነው።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደንበኛ በሌለበት ልንፈትነው ተሰበሰብን። ልጁ ሁለቱን ማሽኖች ዘጋ፣ የሰርቨሩን የኔትወርክ ገመድ ነቀለ፣ ከዚያ ሁለቱንም አስነሳ። ጸሐፊያችን አንድ ነጭ ወረቀት ስካነሩ ላይ አስቀምጣ ልታስገባ ሞከረች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ ማስቀመጥ አልተቻለም። ገመዱ ተመልሶ ተሰካ፣ ሰባት ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ነጩ ወረቀት ያለማንም እጅ ገባ። ከዚያ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፣ ራሱን ቁጥር 33 አደረገ፣ ሞከረ። ከበሩ ውጭ ሆኖ «ከለከለኝ ጋሼ» ሲል ተሰማኝ።